የእርቁ በግ

ወንድሜ ደውሎ «ቅዳሜ ከጎረቤታችን ጋር ልንታረቅ ነው» ሲለኝ ሥራ ቦታዬ በር እየበየድኩ ነበር። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ደግሜ ጠየቅኩት።

«ሽማግሌዎቹ ጨርሰውታል። በጉን እነሱ ያመጣሉ፤ ጾም ሳይገባ ይበላ ተብሏል። አንተ ታላቅ ስለሆንክ ከእኛ ወገን መጀመሪያ የምትቀምሰው አንተ ነህ።»

«አንተስ ተስማማህ?»

«የተስማማችው እማዬ ናት» አለና ስልኩን ዘጋው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ሥጋ መብላት ካቆምኩ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ይህን የሚያውቁት ባለቤቴና አብረውኝ የሚሠሩት ብቻ ናቸው። ገጠር ያሉት አልሰሙም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ጠቡ የተነሳው በዛፍ ነው። የአባታችን መሬት ጥርባ አካባቢ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ እኔ እንጅባራ፣ ሽማግሌዎቹ እስካሁን ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ የብረት በርና መስኮት እየሠራሁ ስኖር ወንድሜ እናታችንን ይዞ እዚያው ቀረ፤ መሬቱን የሚያርሰው እሱ ነው። ጎረቤታችን ድንበሩ ላይ ዲከረንስ ተከለ። እኛ አገር ሰው ሁሉ ለከሰል ብሎ የሚተክለው ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ጥላውም ሥሩም ተሻግሮ ከሰው ማሳ ይገባል። የወንድሜ ድንች በዚያ በኩል መቀጨጭ ጀመረ። ተናገረ፣ ሰው ላከ፣ የሰማው የለም። አንድ ጠዋት መጥረቢያውን ይዞ ወጣና ወደ እኛ ያዘነበለውን ይቆርጥ ጀመር። ሳይጨርስ የጎረቤታችን ልጅ ዱላ ይዞ ደረሰ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ምት በቀኝ ክንዱ መከተ።

አጥንቱ ገጥሟል። ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ሲያርስ እርፉን በግራው ይዞ በቀኝ ክርኑ ይደግፈዋል፤ ይህን ለመደው። ያቃተው መብላት ነው። እኛ ዘንድ በግራ እጁ ከሰው ጋር የሚበላ የለም። እንግዳ ሲመጣ «ጠግቤአለሁ» እያለ ይወጣል። ሰርግና ዝክር መሄድ ተወ። እናቴ አንድ ቀን ለገበያ እንጅባራ መጥታ ቤቴ አረፍ እንዳለች «ጓሮ ሄዶ፣ ፊቱን አዙሮ ነው የሚበላው፤ እንደ ሌባ» አለችኝና አለቀሰች። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ባለቤቴ ወደ ማድቤት እስክትሄድ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላውን ነገረችኝ።

«ግራ እጁን ዱላ እያስለመደው ነው። ከበረቱ ጀርባ የቆመ ግንድ አለ፤ እሱን ሲደበድብ ነው የሚውለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ በጠራ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ስለዚህ የእርቁ ወሬ ሲመጣ እልል ማለት ነበረብኝ። ያላልኩበት ምክንያት አንድ በሬ ነው።

ሥራ ቦታዬ ከተማው መውጫ፣ የዳንግላው መንገድ ዳር ነው። አንድ የክረምት ከሰዓት ከዳንግላ ገበያ በሬ የጫነ አይሱዙ እየተንገጫገጨ መጥቶ ከደጄ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ «ብረት የሚቆርጥ አለህ?» እያለ ገባ። መኪናው ላይ አንዱ በሬ ወድቋል። የፊት እግሩ በጎን ብረቶቹ መሃል ሾልኮ ወጥቶ ተቀርቅሯል፤ ሌሎቹ ላዩ ላይ ቆመዋል። ረዳቱ ጭራውን እየጠመዘዘ ሊያስነሳው ሞክሮ አልቻለም።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀጣጥዬ የብረት መቁረጫ ግራይንደሬን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ ያካፋ ስለነበር ሁለት ሰው ላስቲክ ወጥረው ያዙልኝ። የሚቆረጠው ብረት ከበሬው ጭንቅላት ጋር ተጣብቋል። ማሽኑን ሳስነሳው በሬዎቹ ሁሉ ተተራመሱ። የወደቀው ጭንቅላቱን እያነሳ ከብረቱ ጋር ያጋጨዋል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቢወረውረው የማሽኑ ዲስክ ወይ እሱን ይቆርጠዋል ወይ ተመልሶ እኔን። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ የግራ መዳፌን ዓይኑ ላይ ጫንኩት። ዝም አለ። ሽፋሽፍቱ መዳፌ ውስጥ ሲርገበገብ ይሰማኛል። ትንፋሹ ክንዴን ያሞቀኛል። ፍንጣሪው አንገቱ ላይ እየወረደ ፀጉሩን ሲለበልበው፣ ሽታው ሲመጣ፣ ቆዳው ብቻ ይንቀጠቀጣል እንጂ ጭንቅላቱን አላነሳም። እኔ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አሁን ያልቃል» እላለሁ።

ብረቱ ተቆረጠ። እግሩ ግን እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ነጋዴው ከፊት ወርዶ አየውና «ይሄ አዲስ አበባ አይደርስም፤ እዚሁ ይታረድ» አለ። በገመድ ጎትተው አወረዱት፤ ከቦዩ አጠገብ አስተኙት። እኔ ገመዴን እየጠቀለልኩ ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓት እኔን ፈልጎ አየኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ምን እንዳየ አላውቅም። እኔ ምን እንዳልኩት ግን አውቃለሁ። አይዞህ ነው ያልኩት።

ነጋዴው ደግ ሰው ነበር። ከጭኑ ቆርጦ በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። ባለቤቴ ያንኑ ማታ ጥብስ አደረገችው። ሽታው ሆዴን አላወከውም፤ እንዲያውም ርቦኝ ነበር። ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳቀርበው መዳፌ ውስጥ ያ ነገር ተርገበገበ። መልሼ አስቀመጥኩት። «ምነው፣ ጨው በዛበት?» አለችኝ። በማግስቱም አልቻልኩም። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ።

ሥጋ መብላቴ እንዲህ ሆኖ ነው የቆመው። ስብከት የሰማሁበት ወይም ስእለት የተሳልኩበት ነገር አይደለም። ሁሉንም ደግሞ አልተውኩም። ወተትና ቅቤ አልጣልኩም፤ እንቁላል እበላለሁ። ለፋሲካ ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሠራችውን ዶሮ ወጥ እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ። ከመረቁ ጠቀስኩ፣ ከዚያም ከሥጋው። ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ዶሮዋ ዓይን የላትም?» አለችኝ።

«ቀስ እያልኩ ነው» አልኳት።

«እሺ፤ ጨርሰህ ስትጸድቅ ንገረኝና መሥራቱን ልተው» ብላ ወጡን ጨመረችልኝ።

ሥራ ቦታ ቀልዱ የባሰ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ቁርጥ እንበላ ስለነበር መቅረቴ ወዲያው ታወቀ። አንዱ «መነኮስክ እንዴ?» አለኝ። ሌላው ለብቻዬ ወስዶ ሃይማኖቴን ለውጬ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ሰለቸኝና «ሪህ አለብህ ተብያለሁ» ማለት ጀመርኩ። ሰው በሽታን ቶሎ ይረዳል። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።

«ለሽማግሌዎቹም ሪህ ነው በላቸዋ» አለችኝ ባለቤቴ፣ ዓርብ ጠዋት ስወጣ።

«እርቅ ላይ?»

«እንግዲያ ብላ። አንዲት ጉርሻ ናት። እግዜርም ያንተን አንዲት ጉርሻ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።»

ሚኒባስ ይዤ ጥርባ መገንጠያ ወረድኩ። ከዚያ በእግሬ ስሄድ መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ጉርሻዋ ነበር። ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ዋናው ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። በአገውኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ተናገር ልጄ።»

«ሥጋ አልበላም።»

«ዛሬማ ማን ይበላል፤ ዓርብ አይደል።»

«ዛሬ ብቻ አይደለም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስእለት ነው?»

«አይደለም።»

«ሐኪም ከልክሎህ ነው?»

ሪሁ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። አልወጣም። «አይደለም» አልኩና የበሬውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። በዱላቸው ጫፍ መሬቱን እየነካኩ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«አሳዘነህ» አሉ ስጨርስ።

«አዎ።»

«ያሳዝናላ። እኔም ያረሰልኝን በሬ አላርድም። ሲያረጅ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ፤ ማን እንደሚያርደው አልጠይቅም።» በራሳቸው ትንሽ ሳቁ። ሳቁ ቶሎ ከፊታቸው ጠፋ። «ነገ ግን ያ ሁሉ ሰው የሚያየው አፍህን ነው። የወንድምህን ክንድ የሰበረው ልጅ አባት ጉርሻ ይዞ ሲመጣ አፍህን ብትዘጋ፣ ቂም ይዟል ነው የሚሉት። እኔ ተነስቼ ‹የለም፣ በሬ አሳዝኖት ነው› ብል ማን ያምነኛል?»

«ጾም ከገባ በኋላ ብናደርገውስ? በሽሮም ቢሆን፣ ዋናው አብሮ መብላቱ...»

«እርቅ በሽሮ አይሆንም፤ በጉ ደግሞ ጾም እስኪፈታ መጠበቅ አለበት። ልጄ፣ ሁለት ወር?» ድምጻቸው ተለወጠ። «ወንድምህ ከበረቱ ጀርባ የሚያደርገውን የማናውቅ መሰለህ? እነሱም ያውቃሉ። ልጃቸውን ውሃ ዳር እንኳ ብቻውን አይልኩትም። አጎቶቹ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ሁለት ወር አይቆይም ይሄ ነገር።»

«ለታመመ ሰውስ አይቀርለትም?»

«ለታመመም አስቀምሰናል። አልጋው ድረስ ወስደን አስቀምሰናል።»

ሸኙኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርገው «ብላ አልልህም። ሆድህ ያንተ ነው። የሚመጣውን ግን ነግሬሃለሁ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ላይ ድንች ትለቅማለች። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቀኝ እጁን እንደ ልማዱ ጋቢው ውስጥ ደብቋል። ተሳሳምን። ከሽማግሌው ቤት መምጣቴን ቀድሞ ሰምቷል።

«ምን ልትል ሄድክ?»

ልዋሸው አልፈለግኩም። ሥጋ መተዌን፣ ለምን እንደተውኩ ነገርኩት። በረጅሙ አየኝ።

«ለበሬ ነው?»

«ለበሬው።»

«ስማ፣ እኔ ሆስፒታል ስተኛ ብርቱካን ይዘህ መጣህ። አጠገቤ ተቀመጥክ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ታሪፍ አወራኸኝ። ያኔ ምግብ የከለከለህ ሐዘን አልነበረም። በማግስቱ ሥራ ገባህ።» ድምጹን አላነሳም፤ ይህ ነው የከበደኝ። «ለእኔ ክንድ ያልተዘጋው ጉሮሮህ ለበሬ ተዘጋ?»

ወንድሜ ፈገግ አለ። ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም፤ ፈራሁ።

«ግድ የለም» አለ። «አትብላ። ባትበላ እኔም አልበላም። እናቴ ‹ታረቅ› ብላ እግሬ ላይ ወድቃብኛለች፤ እምቢ ልላት አልቻልኩም። አሁን ግን ያፈረስኩት እኔ አልሆንም። ታላቄ አልቀምስም አለ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ጋቢውን አጣፍቶ በረቱን ዞሮ ሄደ።

እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። ድንቹን ትታ ተነሳች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ሂድና ያን ግንድ እየው» ብቻ አለችኝ።

ወንድሜ ከብቶቹን ሊያመጣ ሲወርድ ጠብቄ ሄድኩ። ግንዱ ከበረቱ ጀርባ ብቻውን ቆሟል፤ የደረቀ ባህር ዛፍ ነው። ከታች ያለው ልጣጭ እንዳለ ነው፤ ወገብ አካባቢም ምንም የለበትም። የተላጠው ከላይ ነው። የሰው ራስ በሚሆንበት ቁመት ላይ ነጭ እንጨቱ እስኪታይ ተላጥቷል፤ ቅርፊቱ መሬት ላይ ተበትኗል። እዚያ ቆሜ ቁመቴን ለካሁበት። ከጆሮዬ ከፍ ብሎ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከእኔ ትንሽ ይረዝማል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሁለቱ ቤት መካከል ባለው ሣር ላይ ተሰበሰብን። እኛ በአንድ ወገን፣ እነሱ በሌላው። ሽማግሌዎቹ መሃል። ዱላ ያለው ሁሉ ዱላውን እንዲያስቀምጥ ተነገረ፤ አንድ ባንድ እየመጡ ሣሩ ላይ ጣሉ። የልጁ አጎት በመጨረሻ መጣ፤ ሲጥለውም ዓይኑ ወንድሜ ላይ ነበር። ልጁ አባቱ ጀርባ ተቀምጧል። ሳልጠላው አልቀረሁም ነበር፤ ሳየው ግን ከስቷል፤ አንገቱ ቀጥኗል።

በጉ ጠቦት ነው፤ መልኩ ቡላ። ሽማግሌው የልማዳቸውን ተናገሩ፤ ከዚያ «የሁለቱ ቤት ታላላቆች ይያዙት» አሉ። የልጁ አባት ጭንቅላቱን ያዙ፤ እኔ እግሮቹን። ልቡ በቆዳው በኩል ሲመታ በእጄ ይሰማኛል። ዓይኑን አልሸፈንኩትም። አይዞህ አላልኩትም። እንዲህ ያለ ቃል ሁለተኛ ለማንም እንስሳ ቢላዋ ፊት አልልም ብዬ ነበር። አጥብቄ ያዝኩት፤ እንዳይቆይ ብዬ ነው። ቶሎ አለቀ።

ጉበቱና ፍርምባው በፍም ላይ ይጠበሳል። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ። ጥብሱ በእንጀራ ቀረበ። ሽማግሌው አባትየውን ጠቀሷቸው።

አባትየው ጠቅልለው መጡ። ከፊቴ ሲቆሙ የጎን ዓይኔ ወንድሜን ያየዋል፤ እሱ አፌን ነው የሚያየው። ፊቱ ላይ ትናንት ያየሁት ፈገግታ ሊመጣ ዳር ዳር ይላል። በሬው ትዝ ያለኝ አልነበረም፤ የታየኝ ግንዱ ነው።

አፌን ከፈትኩ።

ከመብላቴ በፊት ይተናነቀኛል፣ ይመልሰኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ምንም አላደረገኝም። ጣፈጠኝ። ከዚያች ዶሮ በቀር ከዓመት በላይ ሥጋ ያልቀመሰ አፍ እንዴት እንደሚቀበል ማሰብ አያቅትም። ጣፋጭነቱ ከሁሉም በላይ አስደነገጠኝ፤ ጉሮሮዬ የራሱ ፍላጎት ያለው ሌላ ሰው መሰለኝ። ዋጥኩት። ተራዬን ጠቅልዬ ለአባትየው አጎረስኳቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ፈገግታው የለም። ሰበቡን ወስጄበታለሁ።

«አሁን ልጆቹ» አሉ ሽማግሌው።

ወንድሜ ተነሳ። ልጁም ተነሳ። ወንድሜ መጀመሪያ እንዲያጎርስ ነው የተባለው፤ የተበደለው እሱ ነውና። ትሪው ፊት ቆመና ግራ እጁን ዘረጋ። ከነሱ ወገን ማጉረምረም ተሰማ። በግራ ማጉረስ ስድብ ነው። ወንድሜ ሰማቸው። ግራ እጁን ሰበሰበ። ጋቢውን ከትከሻው ጣለና ለዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰው የደበቀውን ቀኝ እጁን አወጣ። ጣቶቹ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ቆመዋል፤ ክንዱ ቀጥኗል። በእነዚያ ጣቶች እንጀራውን ሊይዝ ሞከረ። ወደቀበት። ደገመ። ቁራጩ ሥጋ ሾልኮ ሣሩ ላይ ወደቀ።

የወንድሜ መንጋጋ ሲጠነክር አየሁ። የልጁ አጎት አንድ እግሩን ወደ ዱላዎቹ አስጠጋ፤ እኔም ሳላውቀው ከተቀመጥኩበት ተነስቻለሁ። አንድ ሰው ቢያስል እንኳ ለጠብ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር።

ልጁ ተንበረከከ። የወደቀውን ሥጋ ከሣሩ ላይ አንስቶ፣ ሣሩን አራግፎ፣ ወንድሜ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ በሁለት እጁ የወንድሜን ጣቶች አንድ ባንድ አጣጠፋቸው፤ እሱ ራሱ ያደረቃቸውን። እንደያዛቸው ወደ ራሱ አፍ አቀረበና ጎረሰ። ማኘክ ግን አቃተው። እንባው እየወረደ፣ ጉንጩ እንደተነፋ፣ ወደ ላይ ያየዋል።

ወንድሜ ቁልቁል አየው። «ዋጠው» አለው።

ምን ዓይነት «ዋጠው» እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ቁጣም ነበረበት። ልጁ ዋጠ። ተነስቶ በተራው አጎረሰው፤ ወንድሜም አፉን ከፍቶ ተቀበለ። ያኔ እናቴ እልል አለች፤ ድምጿ ተቆራርጦ ነው የወጣው።

ሽማግሌዎቹ ዲከረንሱ ከድንበሩ ገባ ብሎ እንዲተከል ወሰኑ። ከበረቱ ጀርባ ያለውን ግንድ እናቴ ያንኑ ሳምንት በራሷ እጅ ፈልጣ አነደደችው። ወንድሜ ሲፈለጥ አይቶ ምንም አላላትም አሉ።

እሁድ ቤቴ ስመለስ ባለቤቴ «በላህ?» አለችኝ።

«በላሁ።»

«እና አሁን መብላት ጀመርክ?»

«አልጀመርኩም።»

እንደማሾፍ ልትል ፈልጋ ፊቴን አየችና ተወችው። ስለ በጉ ጥሩ ነገር አደረግኩ አልልም፤ መጥፎ አደረግኩም አልልም። ደግሜ በዚያ ቦታ ብቆም አፌን እከፍታለሁ። ይህን ማወቄ በሌላው ቀን ሥጋ ከመተው ከልክሎኝ አያውቅም፤ ቅር ግን ያሰኘኛል።

በዓመቱ በጥር ያ ልጅ ሲያገባ ተጠራን። ዳሱ ውስጥ ሥጋ ሲዞር አስተናጋጁ ከፊቴ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። አባትየው ከወዲያ ጫፍ ድምጻቸውን ከፍ አድርገው «ለእሱ ሽሮ አምጡለት! እሱ የእኛን አንድ ጊዜ በልቶልናል!» አሉ። ሽማግሌው ነግረዋቸዋል ማለት ነው። ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ አልገባውም። ሰርግ ትቶ የነበረው ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

በኋላ ላይ እጄን ልታጠብ ከዳሱ ስወጣ፣ ትሪ የምታጥብ አንዲት ጠና ያለች ሴት ውሃ አፈሰሰችልኝ። የሙሽራዋ አክስት ናት። ዙሪያውን አየች።

«አንተ ነህ ሥጋ የማትበላው?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔም አልበላም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ከልጅነቴ ጀምሮ። ፍየሌን አርደውብኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም። ባሌም ሳያውቅ ነው የሞተው።» ጣሳውን አዘንብላ ሌላኛው እጄ ላይ አፈሰሰች። «እኛ ሴቶቹ ከሁሉም በኋላ ማድቤት ቆመን ነው የምንበላ። ማን የኔን አፍ ያያል ብለህ?»

ሌላ ልጠይቃት ስል ከውስጥ ጠሯት። ትሪዎቹን ክንዷ ላይ ደራርባ ሄደች።